ስሙን የደበቀው ኬሚስት፦ የዶክተር ዎላስተን ሕይወት

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኬሚስት መጻፍ ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው። ነገር ግን ይህን ሰው እንድፈልገው ያደረገኝ የራሴ ጥፋት ነውና የሰውየውን ታሪክ ከመጀመሬ በፊት ጥፋቴን ልናገር።

አምና፣ አንደኛ ዓመት ሳለሁ፣ አጎቴ ከስማዳ አንድ ድንጋይ ይዘው እስቴ እኛ ቤት መጡ። ወደ በሽሎ ከሚወርደው ገደል ያገኙት ነው። ጥቁር አለት ውስጥ የተቀበረ፣ ነጭና እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር። ከጋይንት ማዶ፣ ደላንታ ላይ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ በእኛ ሰፈር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። እኔም የሚያውቅ ሰው ሳልጠይቅ በግቢያችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስማዳ ውስጥ የከበረ ማዕድን ተገኘ ብዬ ጻፍኩ። የአክስቴ ልጅ ጽሑፉን በሞባይል ፎቶ አንስቶ አገር ቤት ላከው። አጎቴም ጋዜጣ ላይ ከወጣማ እውነት ነው ብለው ሁለት በግ ሸጠው ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ሲመላለሱ ሰነበቱ። በመጨረሻ አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ ጠብታ አሲድ ሲያደርግበት ድንጋዩ ቡፍ ብሎ አረፋ አወጣ። ካልሳይት ነው፤ የኖራ ድንጋይ ዘመድ። አጎቴ አልተቆጡኝም። የተጻፈ ነገር ሐሰት ሊሆን ይችላል ብለው እንዳልጠረጠሩ ብቻ ነገሩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ማዕድን ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ፕላቲኒየም ሳነብ አንድ ስም ደጋግሞ መጣብኝ፤ ዊልያም ሃይድ ዎላስተን። የዚህ ሰው ታሪክ ስለ ብረት ብቻ አይደለም። ስም የሌለው በራሪ ወረቀት፣ በችኮላ የተሰጠ ማስተባበያና ሁለት ዓመት ያህል ተደብቆ የቆየ እውነት አለበት። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ የቀረበ ትምህርት ከየት ይመጣል? (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሐኪምነት ወደ ቤተ ሙከራ

ዎላስተን ኦገስት 6 ቀን 1766 በእንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ውስጥ በምትገኘው በኢስት ዴረም ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍራንሲስ ዎላስተን ቄስ ነበሩ፤ ከዋክብትን መመልከትና መመዝገብም ይወዱ ነበር። ቤተሰቡ ከአስር በላይ ልጆች ያሉበት ትልቅ ቤተሰብ ነው። ልጁ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና አጠና፤ በ1793 ዶክትሬቱን አገኘ። በዚያው ዓመት የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ሮያል ሶሳይቲ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የሳይንስ ሊቃውንት ሁሉ የሚሰበሰቡበት ማኅበር ነው።

ለጥቂት ዓመታት በገጠር ከተሞች በሐኪምነት ሠራ፤ በ1797 ደግሞ ለንደን ገባ። ይሁንና ሕክምና አልሆነለትም። እውቀት አንሶት አይደለም። የበሽተኞቹ ሥቃይ ከልቡ አይወጣም ነበር። በዚያ ላይ ለአንድ የለንደን ሆስፒታል ሐኪምነት ተወዳድሮ ሳይመረጥ ቀረ። በ1800 ሕክምናን ጨርሶ ተወ። ከቤተሰቡ ያገኘው ገንዘብ ስለነበር ወዲያው አልተቸገረም፤ ግን ሥራ ያስፈልገው ነበር። የመረጠው ሥራ በጊዜው ማንም በወጉ ያልተወጣው ነበር፤ ፕላቲኒየምን እንደ ወርቅና እንደ ብር የሚቀጠቀጥ ማድረግ።

እንቢተኛው ብረት

ፕላቲኒየም ያን ጊዜ የሚመጣው ዛሬ ኮሎምቢያ ከምትባለው የስፔን ቅኝ ግዛት ነበር። ወርቅ አጣቢዎች ከወርቁ ጋር አብሮ የሚቀርላቸውን ግራጫ ፍሬ ትንሽ ብር እንደ ማለት ፕላቲና ብለው ሰየሙት። ይህ ስም የንቀት ስም ነው። ወርቅ ላይ የሚቀላቅሉት አጭበርባሪዎች ስለበዙ መንግሥት ወደ ወንዝ እንዲጣል አዝዞ ነበር ይባላል። የናቁትም ያለ ምክንያት አይደለም። ፕላቲኒየም የሚቀልጠው በ1,768 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በዚያ ዘመን እዚያ የሚደርስ ምድጃ አልነበረም። ክብደቱ ደግሞ ጉድ ነው፤ ከእኩል መጠን ውኃ 21 እጥፍ በላይ ይመዝናል።

በ1800 የገና ዋዜማ ዎላስተንና የካምብሪጅ ጓደኛው ስሚዝሰን ቴናንት ወደ 6,000 ወቄት የሚጠጋ ያልተጣራ ፕላቲና በሽርክና ገዙ። በኮንትሮባንድ የወጣ ዕቃ ነበር። ሥራ ተከፋፈሉ። ዎላስተን የሚሟሟውን፣ ቴናንት የማይሟሟውን ጥቁር አተላ ወሰደ።

አሠራሩን ላስረዳ። ፍሬው ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተቀላቅለው በሚገኘው ብርቱ አሲድ ይሟሟል። በሟሟው ላይ አሞኒየም ክሎራይድ ሲጨመር ፕላቲኒየሙ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ከታች ይዘቅጣል። ዱቄቱ ሲሞቅ ግራጫ ስፖንጅ የመሰለ ብረት ይቀራል። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ሌሎች ሰዎች ይህን ስፖንጅ በኃይል ሲወቅጡት ቅንጣቶቹ ይወለወሉና እርስ በርስ አይያያዙም። ዎላስተን በእንጨት ሙቀጫና ዘነዘና በቀስታ አሸው፤ በውኃ ደጋግሞ አጠበው፤ እንደ ጭቃ እርጥብ እንደሆነ በነሐስ ቀፎ ውስጥ አድርጎ በኃይለኛ መጭመቂያ ጨመቀው። ከዚያ በከሰል እሳት አግሎ በመዶሻ ቀጠቀጠው። ሳይቀልጥ ተያያዘ። አንድም ስንጥቅ የሌለው ብረት ወጣ። ዛሬ የዱቄት ብረታ ብረት ሥራ ለሚባለው ትልቅ ኢንዱስትሪ ከመሠረቶቹ አንዱ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ገንዘብ መጣ። የጠመንጃ ሠሪዎች ለባሩድ መለኮሻው ቀዳዳ ገዙት፤ ምክንያቱም ፕላቲኒየም አይዝግም፣ አይበላም። የኬሚካል ፋብሪካዎች ለሰልፈሪክ አሲድ ማፍያ የሚሆኑ ትልልቅ ድስቶች አሠሩ። ኬሚስቶች ለማሞቂያ የሚሆኑ ትንንሽ ዕቃዎች ወሰዱ። ዎላስተን ግን እንዴት እንደሚሠራው ለማንም አልተናገረም። ቤተ ሙከራውን ለማየት የመጣ አንድ እንግዳ አገልጋዩ የሻይ ትሪ ላይ ጥቂት ብርጭቆና መንፊያ አምጥቶ ቤተ ሙከራው ይኸው እንደተባለ ይወራል። ወሬው እውነት ይሁን ቀልድ፣ የሰውየውን ጠባይ በደንብ ይገልጻል። በትንሽ ነገር ብዙ ይሠራል፤ ብዙ ሠርቶ ትንሽ ይናገራል።

ስም የሌለው በራሪ ወረቀት

በ1802 ዎላስተን ፕላቲኒየሙ ከዘቀጠ በኋላ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ሌላ ብረት እንዳለ አወቀ። በዚያ ዓመት ፓላስ የተባለች አስትሮይድ ተገኝታ ስለነበር ብረቱን ፓላዲየም ብሎ ሰየመው። አሁን ጭንቅ መጣ። ግኝቱን ቢያሳትም ከየትኛው ፈሳሽ እንዳገኘው መናገር ሊኖርበት ነው፤ ያን ከተናገረ የፕላቲኒየሙ ምስጢር ሊወጣ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ሌላ ሰው ይቀድመዋል።

ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ያከራክራል። በኤፕሪል 1803 ለንደን ውስጥ ስም የሌለው በራሪ ወረቀት ተበተነ። ወረቀቱ ፓላዲየም የሚባል አዲስ ብር መሰል ብረት መኖሩን፣ ጠባዮቹን፣ እንዲሁም ሶሆ በተባለው ሰፈር ከአንድ ሱቅ እንደሚሸጥ ይገልጻል። ማን እንዳገኘው፣ ከምን እንዳገኘው አንድም ቃል የለም።

መቼም እንዲህ ያለ ወረቀት ቢደርሰን እኛም አናምንም። ሪቻርድ ቼኔቪክስ የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ኬሚስትም አላመነም። ማጭበርበር ነው ብሎ ጠረጠረና ሱቁ ውስጥ የቀረውን ፓላዲየም ጠቅልሎ ገዝቶ መረመረ። እስከዚህ ድረስ ያደረገው ሁሉ ልክ ነው። ስህተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በግንቦት 1803 ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ፓላዲየም አዲስ ነገር ሳይሆን የፕላቲኒየምና የባዜቃ ቅይጥ ነው አለ፤ ራሱም እንደሠራው ተናገረ። ብዙ ጊዜ ሞክሮ የተሳካለት ጥቂት ጊዜ ብቻ እንደነበር ግን ራሱ አምኗል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ፕላቲኒየም ከውኃ 21 እጥፍ፣ ባዜቃ ከውኃ 13 እጥፍ ተኩል ይከብዳል። ፓላዲየም ግን 12 እጥፍ ገደማ ነው። ሁለት ከባድ ነገሮች ተቀላቅለው ከሁለቱም የቀለለ ነገር ይወጣል ማለት ነው? ቼኔቪክስ ይህን እንግዳ ነገር አይቶታል፤ ግን እንደ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን እንደ ተአምር ወሰደው። ሮያል ሶሳይቲም በዚያው ዓመት ትልቁን ሽልማቱን፣ ኮፕሊ ሜዳልያን፣ ሰጠው። ዎላስተን ደግሞ ይህንኑ ሜዳልያ ባለፈው ዓመት፣ በ1802፣ ተሸልሞ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ እውነቱን የሚያውቀው ሰው የዚያው ማኅበር አባል ሆኖ ባልንጀራው ሲሳሳት ያያል፤ በአደባባይ ግን ትንፍሽ አላለም።

በ1803 መጨረሻ ሌላ ስም የለሽ ማስታወቂያ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። በምስክሮች ፊት ፓላዲየምን ቀላቅሎ ለሚሠራ ሰው 20 ፓውንድ ይሸለማል ይላል። ሽልማቱን የወሰደ የለም። በጀርመንና በፈረንሳይ ያሉ ኬሚስቶችም የቼኔቪክስን ሙከራ ደግመው አልሆንላቸው አለ። እኛ አገር ሽማግሌዎች የማርትሬዛ ብር ሲቀበሉ በምስሉ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቆጥራሉ፤ ድንጋይ ላይ ጥለውም ድምፁን ይሰማሉ። ብሩን የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ አይተው ብቻ ኪሳቸው አይከቱም። የሳይንስም ወግ ይኸው ነው፤ ሜዳልያ ያለው ሰው የተናገረውም ቢሆን በሌላ ሰው እጅ ተደግሞ መታየት አለበት።

በ1804 ዎላስተን ከዚያው ፈሳሽ ሌላ ብረት አገኘ። ጨዎቹ የጽጌረዳ ቀለም ስለነበራቸው ከግሪክኛው የጽጌረዳ ስም ወስዶ ሮዲየም አለው። ቴናንትም ከጥቁሩ አተላ ኦስሚየምንና ኢሪዲየምን አወጣ። ሁለት ጓደኛሞች ከአንድ ጆንያ አፈር አራት አዲስ ንጥረ ነገር አገኙ ማለት ነው። በመጨረሻ፣ በ1805 መጀመሪያ ላይ፣ ዎላስተን የበራሪ ወረቀቱ ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ በስሙ ጻፈ።

ቼኔቪክስ አፈረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከኬሚስትሪ ርቆ ወደ ተውኔትና ወደ ልቦለድ ዞረ። በርግጥ የተሳሳተው ራሱ ነው። ግን ለምን ያህል ጊዜ እንደተሳሳተ የወሰነው የሌላው ሰው ዝምታ ነው። እኔ ዎላስተንን ባደንቀውም በዚህ ነገር አልፈርድለትም። ምስጢሩን መጠበቅ መብቱ ነበር። ሰው ሁሉ የማያምነውን ወረቀት በትኖ፣ ያላመነውን ሰው ሲሰናከል ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ትንንሽ ነገር የሚለካው ሰው

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዎላስተን የነካው ነገር ብዙ ነው። በፀሐይ ብርሃን ኅብረ ቀለም ውስጥ ያሉትን ጥቁር መስመሮች በ1802 አይቷል፤ ትርጉማቸውን ባያውቅም። ወረቀት ላይ ፊት ለፊት ያለውን ነገር ለመንደፍ የሚረዳ የመስታወት መሣሪያ ሠርቷል። በ1813 ፕላቲኒየምን በብር ሸፍኖ እየሳበ፣ ከዚያ ብሩን በአሲድ አጥቦ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ሽቦ አወጣ።

ለማዕድን ጥናት ግን ትልቁ ስጦታው በ1809 ያስተዋወቀው ጎኒዮሜትር ነው። ይህ መሣሪያ ከክሪስታል ገጽ ላይ የሚመለስ ብርሃንን ተጠቅሞ በሁለት ገጾች መካከል ያለውን ማዕዘን ይለካል። ከዚያ በፊት ማዕዘን የሚለካው በእጅ በሚያዝ መለኪያ ስለነበር ትልቅ ክሪስታል ያስፈልግ ነበር። አሁን የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ክሪስታል በቂ ሆነች። የአንድ ማዕድን ክሪስታል የትም ይገኝ የት ማዕዘኑ ያው ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ድንጋዮች ሁለት የተለያዩ ማዕድናት መሆናቸው መለየት ጀመረ። የማዕድን ምደባ ከዓይን ግምት ወደ ልኬት እንዲሸጋገር መሣሪያው ብዙ ረድቷል።

በ1820 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሲሞቱ ለጥቂት ወራት ቦታውን ያዘ፤ ለቋሚው ሹመት ግን ከሃምፍሪ ዴቪ ጋር መወዳደር አልፈለገም። በ1821 ወጣቱ ማይክል ፋራዴይ ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት ባሳተመው ጽሑፍ የዎላስተንን ሐሳብ ሳይጠቅስ ወሰደ ተብሎ ሐሜት ተነሳ። ዎላስተን ነገሩን አላራገበም። ምናልባት የቼኔቪክስ ነገር አስተምሮት ይሆናል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

የመጨረሻው ዓመት

ዎላስተን አላገባም፤ ልጅም የለውም። በ1827 ግራ እጁ መደንዘዝ ጀመረ። ሐኪም ነበርና ምን እንደመጣበት ገባው፤ የአንጎል ዕጢ ነው። የቀረውን ጊዜ ያልጻፈውን ሁሉ በማስጻፍ አሳለፈው። በኖቬምበር 1828 ከሃያ ዓመት በላይ ደብቆት የኖረው የፕላቲኒየም አሠራር ከውኃው እስከ መዶሻው ሳይቀር በሮያል ሶሳይቲ ፊት ተነበበ። ሀብት ያመጣለትን ምስጢር ይዞት አልተቀበረም። ለጂኦሎጂ ማኅበርም 1,000 ፓውንድ ሰጠ። ዛሬ በጂኦሎጂ ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱ የሆነው የዎላስተን ሜዳልያ ከዚህ የመጣ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ተሸልሞታል።

በመጨረሻዋ ሰዓት መናገር ሲያቅተው በአልጋው ዙሪያ ያሉት ሰዎች ራሱን ስቷል አሉ። እሱ ግን በምልክት እርሳስና ወረቀት አስመጣ፤ ቁጥሮች ደርድሮ ጻፈና ደመራቸው። ድምሩ ልክ ነበር። ዲሴምበር 22 ቀን 1828 በ62 ዓመቱ ሞተ።

ከሶሆ እስከ ዩብዶ

ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ምኑ ነው? ምዕራብ ወለጋ ውስጥ፣ የብርብር ወንዝ በሚያልፍበት አገር፣ ዩብዶ የሚባል ቦታ አለ። የእኛ የጉና፣ የጋይንትና የስማዳ አለት ባዛልት ነው፤ የዩብዶው ግን ዱናይት የሚባል ከጥልቅ የመጣ አለት ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ከዚያ አፈር ፕላቲኒየም እየታጠበ ወጥቷል። ቦታውን ያገኘው አልቤርቶ ፕራሶ የተባለ ጣሊያናዊ ሲሆን ፕራሶአይት የተባለ የሮዲየም ማዕድን በስሙ ተጠርቷል።

በ2005 ደግሞ በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ከዚያው ከብርብር ወንዝ የተገኘ አዲስ ማዕድን ለዓለም አስተዋወቀ። ኪንግስቶናይት ይባላል፤ የተሰየመው ጎርደን ኪንግስተን በተባሉ የማዕድን ምሁር ነው። በዋናነት ሦስት የሮዲየም አተሞች ከአራት የድኝ አተሞች ጋር የተያያዙበት ሲሆን ከሮዲየሙ የተወሰነውን ኢሪዲየምና ፕላቲኒየም ይተኩታል። የዎላስተን ሮዲየም፣ የቴናንት ኢሪዲየም፣ ሁለቱን ያገናኛቸው ፕላቲኒየም፤ ሦስቱም በአንድ የወለጋ ቅንጣት ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

ምደባው እንዴት ነው? ማዕድን የሚመደበው ውድ የሆነውን ብረት አይቶ አይደለም፤ ብረቱ ከምን ጋር እንደተያያዘ ታይቶ ነው። ኪንግስቶናይት ከድኝ ጋር ስለተያያዘ ከሰልፋይዶች ወገን ነው። በዙሪያው ያለው የፕላቲኒየምና የብረት ቅይጥ ግን ከንጹሕ ብረቶች ወገን ይመደባል። ሁለቱ አንድ ፍሬ ውስጥ አብረው ቢገኙም ዘመዳሞች አይደሉም። የክሪስታል ሥርዓቱ ሞኖክሊኒክ ይባላል፤ ማለትም ሦስቱ መስመሮቹ እኩል አይደሉም፣ ከማዕዘኖቹም አንዱ ዘመም ያለ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወደ ቡናማ የሚያደላ ፈዛዛ ግራጫ ነው። በስሌት የተገኘው እፍጋቱ ከውኃ ሰባት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው፤ ከፕላቲኒየም በጣም ይቀላል፤ ምክንያቱም ድኙ ቀላል ነው።

ቅንጣቱ በዓይን ስለማይታይ የዎላስተን ጎኒዮሜትርም አይበቃውም። አተሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ የታወቀው በኤክስሬይ ነው። መንገዱ ግን ያው የዎላስተን መንገድ ነው፤ ትንሽ ነገር ወስዶ በጥንቃቄ መለካት። ስሙም እንዲሁ አልጸደቀም። ዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር ቀመሩን፣ አወቃቀሩንና ጠባዩን አይቶ ነው ያጸደቀው። በራሪ ወረቀት መበተን ለማዕድን ስም አያሰጥም።

ማጠቃለያ

የዎላስተንን ሕይወት አንብቤ ስጨርስ ሁለት ሰዎች በዓይኔ ይመጣሉ። አንደኛው ማስረጃው ሳይሞላ የደመደመው ቼኔቪክስ ነው። ሁለተኛው ማስረጃው እጁ ላይ እያለ ዝም ያለው ዎላስተን ነው። ጋዜጠኛ በሁለቱም መንገድ ሊሳሳት ይችላል። እኔ መጀመሪያ እንደ ቼኔቪክስ ተሳሳትኩ። ካልሳይት መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ደግሞ እንደ ዎላስተን ዝም አልኩ፤ የግድግዳ ጋዜጣው ተነስቷል፣ ማን ያስታውሰዋል ብዬ።

አጎቴ ያስታውሱታል። በጎቹን የገዛው ጎረቤትም ያስታውሰዋል። ዎላስተን እውነቱን በስሙ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀበት፤ እኔ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እርምቴን አስቀምጣለሁ፤ አምና ስማዳ ውስጥ ተገኘ ብዬ የጻፍኩት የከበረ ማዕድን ካልሳይት ነበር። ድንጋዩ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ ለፋሲካ እስቴ ስወርድ ከዚህ ቡለቲን አንድ ቅጂ ጋር ለአጎቴ እመልስላቸዋለሁ።